እንዲሸነፉ የጸለይኩበት እሑድ

ቤዝቦል ትወጃለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ አንድ ነው፤ አልወድም። ምኑ ይወደዳል? አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ቆመው ያኝካሉ፣ ይተፋሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ኳስ ማለት እግር ኳስ ብቻ በሆነበት ሰፈር እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ላደገች ሴት ይሄ ጨዋታ ሳይሆን የቀበሌ ወረፋ ነው። የቶሮንቶው ቡድን ሲሸነፍ ግን እራት አይበላልኝም። ይሄን ደግሞ ምን ትሉታላችሁ?

ነገሩን ቤታችን ያስገቡት አጎቴ ናቸው። የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባዬም እኛም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። ካናዳ ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። ቶሮንቶ መሀል ከተማ አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው በማትይዝ የመስታወት ክፍል፣ ከአንድ ማሞቂያና ከአንድ ትንሽ ራዲዮ ጋር ሃያ ምናምን ዓመት ተቀምጠው ሠሩ። ያቺ ራዲዮ አጥርታ የምትይዘው የቡድኑን ጨዋታ የሚያስተላልፈውን ጣቢያ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ የተማሩትም ከዚያው ነው። "እንደዚያ ሰውዬ ያለ አስተማሪ አላየሁም" ይሉ ነበር፤ ጨዋታውን የሚያስተላልፈውን ጋዜጠኛ ማለታቸው ነው። "ቀስ ብሎ ይናገራል፣ የተናገረውን ይደግማል፣ ሜዳው ላይ ምንም ከሌለ ስለ ደመናው ያወራልሻል።"

አባዬ ከእናቴና ከእኔ ጋር ካልጋሪ ሲገባ ጋሼ በስልክ የሰጡት የመጀመሪያ ምክር ስለ ሥራም ስለ ብርድም አልነበረም። "ራዲዮ ግዛ" ነው ያሉት። ገዛ። ከሥጋ ፋብሪካ ሺፍቱን ጨርሶ ሲመጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ የማይገባውን ጨዋታ በማይገባው ቋንቋ ይሰማ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ ስልኩ ይጮሃል። ጋሼ ናቸው። ደህና ዋልክ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ። እሳቸው ያስረዳሉ፣ አባዬ ይጠይቃል። ዓመት ሳይሞላው አባዬም መከራከር ጀመረ።

እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች በሱዳን በረሃ ስላዩት ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ እናታቸው ሞትም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ አንድ ወርዋሪ ክንድ ግን አንድ ሰዓት ያወራሉ። በልጅነቴ ይሄ ያበሽቀኝ ነበር። ራሴ ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ አንዱ ሌላውን "አለህ ወይ?" እያለው ነበር፣ ሌላው ደግሞ "አለሁ" እያለ። እናቴ የስልኩ ቢል በመጣ ቁጥር ከሁለቱም ጋር ትጣላ ነበር።

ቡድኑ ዓመት ከዓመት ሲሸነፍ አባዬን "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያልኩ እተርበው ነበር። አንዴ "ሌላ ቡድን ያዝ እንጂ አባዬ፣ ሲያትል እንኳ ለካልጋሪ ይቀርባል" ብለው ኮስተር ብሎ አየኝና "ወንድም በቅርበት ይመረጣል እንዴ?" አለኝ። እኔም ብሆን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ተወሰድኩ። መቼ እንደሆነ አላውቀውም። አንድ ቀን ብቻ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ቴሌቪዥኑን ዞር ብዬ ሳላይ፣ "ሩጥ እንጂ አንተ ደንባራ" ብዬ ስጮህ ራሴን ሰማሁት።

እሑድ ግን ችግር ነበረብን። ቶሮንቶ ከምሳ በኋላ የሚጀመር ጨዋታ ካልጋሪ ገና ረፋድ ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ሰዓት አምልኮ ላይ ነን። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም፤ ጨዋታም አያመልጠውም። ስለዚህ ልጄ ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ጨዋታውን ሪከርድ ታደርገዋለች፤ እኛ አምልከን፣ ከምእመናን ጋር ምሳ በልተን፣ ካስልሪጅ ሰፈር ወዳለው ቤታችን እንመለስና ልክ አሁን የሚካሄድ ይመስል እናየዋለን። ሕጉ አንድ ነው፤ ውጤቱን ያወቀ አፉን ይዘጋል። ጋሼም እሑድ እሑድ አይደውሉም። አባዬ አይቶ ጨርሶ እስኪደውልላቸው ይጠብቃሉ።

ጉባኤው በሙሉ ይሄን ያውቃል። ወጣቶቹ ውጤቱን ስልካቸው ላይ ያዩና አባዬን ሲጨብጡት ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። አባዬ ደግሞ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆሞ የሰዉን ፊት ማንበብ ይወዳል። "ዛሬ ድል አለ፤ የዲያቆኑ ጥርስ አልከደን ብሎታል" ይለኛል መኪና ውስጥ። ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል። ያም ሆኖ ቤት ገብቶ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ለቡድኑ ይጸልያል። ልጄ አንድ ቀን፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ "አባባ፣ አልቋል እኮ፣ ላይክ፣ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ለምንድነው የምትጸልየው?" አለችው። "እኔ ዘንድ መች አለቀ" አላት። ጥያቄውን ለመጋቢያችን አቀረብኩላቸው፤ ባለቀ ጨዋታ ላይ ይጸለያል ወይ ብዬ። "አስብበታለሁ" አሉኝ። እስካሁን እያሰቡበት ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጋሼ ልጅ ከቶሮንቶ ደወለልኝ። ጋሼ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወድቀው አልተነሱም። ልባቸው ነው አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ገብቼ፣ የመኪናውን በር ዘግቼ፣ አባዬ እንዳይሰማኝ ስካርፌን ነክሼ አለቀስኩ።

መርዶ እኛ ዘንድ ደንብ አለው። በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን መሀል አስቀምጦ ነው የሚነገረው። አባዬ ደግሞ ስኳርም ደም ግፊትም አለበት። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወልኩላቸው። ባለቤቴ ከሰሜን፣ ከነዳጅ ሥራው የሚመለሰው እሑድ ምሽት ነበርና እሱም ይኑር ተባለ። "ሰኞ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። እስከዚያ ሆድሽ ውስጥ ያዢው እህቴ" አሉኝ። ለልጄ ነገርኳት፤ ሌላ ለማንም አልነገርኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ባስቀረው ይጠረጥራል ብዬ እንደ ወትሮው ይዤው ሄድኩ። ወሬው ግን ቀድሞኝ በቴሌግራም ጉባኤውን አዳርሶታል።

ገና ስንገባ ገባኝ። የሚያቅፈው ሰው ቶሎ አይለቀውም። ሁልጊዜ የሚተርበው ጎልማሳ ምሳ ሰዓት ላይ የአባዬን ሳህን ራሱ ሞልቶ አመጣለት። አንዲት እናት ጉንጩን ስመው ሲያበቁ እንደገና ሳሙት። ሁሉም እየደበቀ ነው፤ ሁሉም መደበቅ አልቻለም። አባዬ ደግሞ ለዓመታት እሑድ እሑድ አንድ ነገር ብቻ ሲደበቅበት የኖረ ሰው ነው። ዞር ብሎ አያቸውና ሳቀ።

"ዛሬስ በጣም ነው የተገረፍነው መሰለኝ" አለ።

ሰዉ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። እሱም ያጽናናቸው ጀመር። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። "አይዞአችሁ፣ ምን ሆናችኋል? ገና ግንቦት ነው እኮ። ስንት ጨዋታ ይቀራል፣ ነገም እንጫወታለን" ይላቸዋል። ሊያስተዛዝኑት የመጡትን እሱ አስተዛዘናቸው። እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ሽንት ቤት ሮጡ። እኔ ወንበሬን አጥብቄ ያዝኩ።

መኪና ውስጥ ደስ ብሎት ነበር። "ይሄን ያህል የሚያስቡልን አይመስለኝም ነበር። ጌታ ይባርካቸው፤ ለቡድናችን እንዲህ ይጨነቃሉ" አለኝ። መሪውን እንዴት ይዤ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

እሱ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ስልኩን አንስቼ የሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩት። ኩሽና ቆሜ ሳሰላው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቡድኑ ከተሸነፈ፣ አባዬ የሰዉን ሐዘን በሽንፈቱ እንደተረጎመው ይቀራል። ስልኬ የት ገባ ሲለኝ ጋሼ ዛሬ እንግዳ አለባቸው እለዋለሁ፣ በጊዜ ይተኛል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በደንቡ ይነግሩታል። ካሸነፈ ግን ያ ሁሉ ፊት ለምን ጠቆረ? አባዬ ደግሞ ሞኝ አይደለም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ያለቀ ጨዋታ መሆኑን እያወቅኩ፣ "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ ይሸነፉ" ብዬ ጸለይኩ። ለሠላሳ ዓመት አልወድም ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ይሸነፉ ለማለት ምላሴ ከበደኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

በስድስተኛው ዙር በአራት ነጥብ ተመርተናል። እሰየው አልኩ። ልጄ ከአባዬ ጎን ተጣብቃ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። በሰባተኛው ሁለት ነጥብ አገኘን። በስምንተኛው አንዱ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሰደዳትና ሆም ረን ሆነ፤ ከሱ በፊት መትተው በየማረፊያው፣ በየቤዙ፣ ቆመው የነበሩት ሁለቱም ሮጠው ገቡና ሦስት ነጥብ ሆነልን። አባዬ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ዘጠነኛው ዙርም በዚያው አለቀ፤ አሸነፍን።

ቆሞ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ቴሌቪዥኑን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።

"እነዚያ ሰዎች ምን ሆነው ነው ታዲያ?"

"እኔ እንጃ አባዬ" አልኩ።

"ስልኬን ስጪኝ።"

አልሰጠሁትም። ልጄን አያት፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ሶፋውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ጋሼ ነው?"

"አዎ አባዬ።"

"ዓርብ ደውሎልኝ ነበር" አለ። "ተሸንፈን ነበር። በአንተ የተነሳ ነው የተሸነፍነው ብሎኝ ሲስቅ ዘጋሁበት።"

ሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ አባዬ ያለ ደንቡ፣ ያለ ወጉ፣ የእሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርዶውን ተቀብሎ ጨርሷል። አንዷ ዘመዳችን ሰው ፊት "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቶሮንቶ ሄደን ቀበርናቸው። ከመቃብር ስንመለስ የተሳፈርንበት ታክሲ ራዲዮው ጨዋታውን እያስተላለፈ ነበር። አባዬ ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ በትሕትና፣ እንዲዘጋው ለመነው። ሾፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው።

ካልጋሪ ከተመለስን በኋላም አልከፈተውም። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ አባዬ ጡረታ ወጥቷል፤ የቀኑ ምሰሶ ያ ጨዋታና ከጨዋታው በኋላ የሚመጣው ስልክ ነበር። አሁን በሱ ፋንታ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ቀን መተኛት ጀመረ። እንጀራውን ዙሪያውን ቆርሶ ይተወዋል። ሐኪሙ ስኳሩ ወረደ ወጣ ይለናል። "አባዬ፣ ዛሬ ጨዋታ አለ እኮ" ስለው "ለማን ብዬ ነው የማየው?" ይለኛል። ሰኔም ሐምሌም እንዲህ አለፈ። ወንድሙን ተከትሎ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ፤ ሌሎች ሰዎች እንዲህ ሆነው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ያልሞከርኩት የለም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ብቻዬን አየሁ፤ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። አንድ ቀን ደግሞ ትዕግሥቴ አለቀና "ጋሼ ቢያዩህ ያፍሩብህ ነበር" አልኩት። ወዲያው ተጸጸትኩ፤ ቃል ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ሥራ ቦታዬ ላይ፣ ኤርፖርቱ ኩሽና ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓቴ ተደብቄ ውጤት አያለሁ። ማሸነፋችንን የምነግረው ሰው ግን የለኝም። ለብቻ እንደሚበላ ድግስ ሆነብኝ።

ልጄ ግን ሪከርዱን አላቋረጠችውም ነበር። ይሄንን ያወቅኩት የቴሌቪዥኑ መቅጃ ሳጥን ሞልቶ የምወደው ድራማ አልቀዳ ሲለኝ ነው። ከፍቼ ሳየው የእሷ ፕሮግራሞች በሙሉ ጠፍተዋል፤ ከላይ እስከ ታች ማንም ያላያቸው የቶሮንቶ ጨዋታዎች ተደርድረዋል። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ረቡዕ ጨዋታው ቀን ላይ ነበር። ልጄ በትምህርት ቤት እረፍቷ አንድ ግሮሰሪ ትሠራለች፤ የጠዋት ሺፍቷን ጨርሳ በባቡር ስትመለስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማለች። እኔ ኦፍ ነበርኩ፤ ኩሽና ውስጥ ምስር እለቅማለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ልክ በዚያ ሰዓት፣ የአባዬ ስልክ ጮኸ።

መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ስልኩን ዝም ብሎ አየው። በዚያ ሰዓት ማን ይደውል እንደነበር እኔም እሱም እናውቃለን። ሊዘጋ ሲል አነሳው።

"ማነው? ምን ሆንሽ ልጄ? ደህና ነሽ?"

የልጄ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ፍጥነቱ ግን የጋሼ ነው። አባዬ "እሺ" አለ። ቆይቶ "እሺ" አለ። ከዚያ ደግሞ "ማንን አስወጡት?" አለ። ምስሩን አስቀመጥኩ።

"በስንተኛው ዙር? ... ልጁ ደህና እየወረወረ አልነበረም እንዴ? ... ደክሞት ነበር ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው ደከመው ያለሽ? ... አይ፣ አይ፣ ተሳስተሻል። እንደዚያ አይነት ሰው ከሜዳ አይወጣም። ጨዋታ አታውቂም አንቺ።"

ድምፁ ከፍ አለ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ አባዬ በማንም ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ተቆጣ፤ ዓይኔ እያየ ተቆጣ። ኩሽናው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አትጨርሺው" አላት። "እኔ ራሴ አይቼ እደውልልሻለሁ።"

ልጄ የደወለችው ከባቡር ጣቢያው ነው፤ በዚያና በቤታችን መሀል ያለው የአሥር ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ስትገባ አባዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ሪሞቱን እያገላበጠ ነበር። ጉንጩን ሳመችው፣ ሪከርዱን ከፈተችለት፣ ስለ ጨዋታው አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ላይ ወጣች። ተከትያት ወጣሁና "ቤት ልትገቢ ምን አስደወለሽ?" አልኳት።

"እማ፣ ጋሼ ነበር ኮል የሚያደርገው። አሁን ማንም አያደርግም።"

አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀመጠች።

ታች አባዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ አየ። ምግብ አቀረብኩለት፤ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል በላው፣ ሳህኑ ባዶ ተመለሰልኝ። ያን ቀን ተሸንፈን ነበር። ሲያልቅ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን አነሳና አንድ በአንድ ቁጥሮቹን ነካ። ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

"አየሁት" አላት፣ ያለ ሰላምታ።

ደረጃው መሀል ላይ ተቀመጥኩ። ከታች አባዬ ይሰማኛል፣ ከላይ ልጄ ትሰማኛለች፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው በስልክ ይከራከራሉ። እራት ቀርቧል ብዬ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ፤ አንዳቸውም አልሰሙኝም።